ከቤት ገጠመኝ እስከ አራት ሳጥን፦ የቤተሰብ ኮሚክ ሐሳብ እንዴት ይገኛል?

ሆድ እስኪያመን ያሳቀን የቤት ገጠመኝ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ቀዝቅዞ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጅቷ ያለችውን ቃል በቃል ጽፈናል፣ ፊቷንም አሳምረን ስለናል፤ አንባቢው ግን ለይሉኝታ ፈገግ ብሎ ያልፋል። የቤተሰብ ካርቱን መሥራት በጀመርኩባቸው ዓመታት ይህ ነገር በጣም ያንገበግበኝ ነበር። ቤቱ በሳቅ የተሞላ ነው፤ ታዲያ ካርቱኑ ለምን ይደርቃል?

መልሱን ያገኘሁት የቆዩ ማስታወሻዎቼን አንድ ላይ አስቀምጬ ሳነብ ነው። ሰዎቹ ያሉትን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ የፈለጉትን ግን አንድ ቦታ እንኳ አልጻፍኩም። ሳቁ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት የተለያየ ነገር ሲፈልጉ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት ሲኖራቸው ኮሚክ ይወለዳል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው አሠራር በሙሉ ከዚህ የተነሳ ነው።

1. ደብተር ያዙ፤ ሰው ፊት ግን አታውጡት

ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ስልክም ይሠራል፤ እኔ ግን ወረቀት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ስልኩ ላይ ያቀረቀረ አባት የሚያዳምጥ አይመስልም፣ ልጅም ወሬዋን ታቋርጣለች። ድምፅ መቅዳት ግን ይቅርባችሁ። ሰው መቀዳቱን ካወቀ አነጋገሩ ይለወጣል፤ ካላወቀ ደግሞ እምነት ማጉደል ነው።

ገጠመኙ ሲመጣ ዝም ብላችሁ ኑሩት። ሳቁ፣ ተቆጡ፣ መልስ ስጡ። ከዚያ ዞር ብላችሁ ጻፉ፤ ነገር ግን ሳትተኙ ይሁን። በማግስቱ ፍሬ ነገሩ ይቀራል፣ የቃላቱ አሰካክ ግን ይጠፋል። የልጅን አነጋገር የልጅ የሚያደርገው ደግሞ አሰካኩ ነው።

ለእያንዳንዱ ገጠመኝ አራት መስመር እጽፋለሁ። በመጀመሪያው አንደኛው ሰው ምን እንደፈለገ፣ በሁለተኛው ሌላኛው ምን እንደፈለገ፣ በሦስተኛው የተባለውን ቃል ሳልነካካ፣ በአራተኛው ደግሞ ዓይኔ ያየውን አንድ ነገር። አራተኛዋ መስመር ትርፍ ትመስላለች፤ ሥዕሉን የምትሰጠኝ ግን እሷ ናት። ከደብተሬ አንዱን እንዳለ ላስቀምጠው፦

አባት፦ ሳይረፍድበት መውጣት ይፈልጋል።
ልጅ (4 ዓመት)፦ መርዳት ይፈልጋል።
ቃል፦ «እንዳይጠፋ ደብቄዋለሁ።»
ያየሁት፦ ሁላችንም ተንበርክከን ሶፋ ሥር ስንፈልግ እሱም አብሮን ተንበርክኮ ይፈልግ ነበር።

የጠፋው የመኪና ቁልፍ ነው። ማታ «ይህ ቁልፍ በየቀኑ ይጠፋል» እያልኩ ስነጫነጭ ልጁ ሰምቶኛል። ወደዚህ ማስታወሻ ኋላ እንመለሳለን።

የት ልፈልግ ለሚል፣ ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ግርግሩ ነው፦ ጠዋት ከቤት መውጫ፣ ማታ መኝታ ሲደርስ፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል፣ ሻንጣ አልዘጋ ሲል። በእነዚህ ሰዓቶች ሁሉም የሚፈልገው ነገር አለ፣ ጊዜ ግን የለም። ሁሉም ጥግ ጥጉን በያዘበት ጸጥ ያለ ከሰዓት በኋላ ብዙ አይገኝም። ሌላው ምንጭ ተደጋጋሚው ንግግር ነው። በየቤቱ እያንዳንዱ ሰው በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚላት ነገር አለችው፤ «መብራቱን አብርቶ የሄደው ማነው?»፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ»፣ «ሁልጊዜ እኔ ነኝ?»። እነዚህን በደብተሩ መጨረሻ ገጾች ላይ በየሰዉ ስም ሰብስቧቸው። ወር ሳይሞላ የገጸ ባሕርያታችሁ አንደበት ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ደግሞ ማንም የማያወራቸው የቤት ሕጎች አሉ፦ የትኛው ወንበር የማን እንደሆነ፣ ሪሞቱ ማን እጅ እንደሚያድር፣ ቻርጀር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማን እንደሆነ።

የቤተሰብ ካርቱን ለመሥራት ትንንሽ ልጆች ያስፈልጋሉ ብለው ወደኋላ የሚሉ አሉ። አያስፈልጉም። ጃፓናዊቷ ማቺኮ ሃሴጋዋ እ.ኤ.አ. በ1946 የጀመረችውና እስከ 1974 የዘለቀው የጋዜጣ ካርቱኗ፣ አንዲት ባለትዳር ሴት ከባሏና ከልጇ ጋር ሆና በወላጆቿ ቤት፣ ከታናናሾቿ ጋር ስትኖር የሚያሳይ ነው። ሃሴጋዋ ራሷ አላገባችም፤ የኖረችው ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ነው። ወንድም ያለው፣ አክስት ያለው፣ ክፍል የሚጋራው ሰው ያለው ሁሉ ምንጭ አለው።

2. በሳምንት አንድ ቀን አጣሩ

ሳምንቱን ሙሉ ሳትመርጡ ጻፉ። በአንድ ቋሚ ቀን ቁጭ ብላችሁ አንብቡና እያንዳንዱን ማስታወሻ ሁለት ነገር ጠይቁት። ሁለት የሚጋጩ ፍላጎቶች አሉበት ወይ? ቤተሰቡን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ያለማብራሪያ ይገባዋል ወይ? ከሃያ ማስታወሻ ሁለት ወይም ሦስት ካለፈልኝ ለእኔ ጥሩ ሳምንት ነው። የወደቁትን አልሰርዝም፣ አልቀድድም፤ አንዳንዱ ከዓመት በኋላ ሌላ ማስታወሻ አጠገቡ ሲቀመጥ ይነሳል።

የወደቀ ማስታወሻ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንዷ ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ነገንና ትናንትን ታምታታ ነበር። «ትናንት እንሄዳለን» ስትል ቤቱ ሁሉ ይስቃል። ይህን ስዬ ያሳየሁት ሰው ሁሉ «ሲያምር!» አለኝ፤ አንድም ሰው ግን አልሳቀም። ልክ ነበሩ። በሥዕሉ ውስጥ ማንም ምንም አይፈልግም፤ አንዲት ልጅ ቃል ተሳስታለች፣ አለቀ።

እንዲህ ያለውን ማስታወሻ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ስህተት የሚጎዳው ማነው? ታላቅ ወንድሟን አስገባሁት። ብስክሌቷን ለአንድ ዙር ይፈልጋል፤ እሷ ማበደር አትፈልግም። «ነገ እሰጥሃለሁ» ትለዋለች። በማግስቱ ይመጣል። «ነገ ብለሽኝ ነበር!» እሷም ፔዳሉን እየመታች፦ «ነገማ ትናንት ነበር።» የቃሉ መምታታት አልተለወጠም። አሁን ግን ለአንዷ ጋሻ፣ ለሌላው በደል ሆኗል። የልጅቷ ስህተት ነው ወይስ ብልጠት የሚለውን አንባቢው ራሱ ይፍረድ፤ እኔ አልነግረውም።

3. ቤተሰባችሁን አትሳሉ፤ ሌላ ቤተሰብ ሥሩ

ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ስቻለሁ። ባለቤቴን፣ ልጆቼን፣ ራሴን መልካችንን ጠብቄ ሳልኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጄ ታሰረ። ገጸ ባሕርዩ ሊዋሽ ሲፈልግ «ልጄ እኮ እንዲህ አይዋሽም» ማለት ጀመርኩ። ካርቱን የሚጠይቀውን ማጋነን እውነተኛ ሰው ላይ መጫን ይከብዳል፤ ሊከብድም ይገባል።

ስለዚህ ቀላቅሉ። የታላቋን ልጅ ግትርነት ለትንሹ ስጡት፤ የእናንተን ዝርክርክነት ለአያት ስጡ፤ የእህታችሁን ሳቅ ለጎረቤት። ካናዳዊቷ ሊን ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረችው ካርቱን መነሻው የራሷ ቤት ነበር፤ ለካርቱኑ ልጆች የሰጠቻቸው ስምም የልጆቿን ሁለተኛ ስም ነው። ይሁን እንጂ በ1991 ካርቱኑ ውስጥ ሦስተኛ ልጅ ተወለደች፤ በጆንስተን ቤት ግን ልጆቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። ቤታችሁ የሌለውን ሰው የመጨመር ነፃነት አላችሁ። አሜሪካዊው ካርቱን ሠሪ ቻርልስ ሹልዝ ደግሞ ዓለም የሚያውቀውን ስኑፒ የተባለ ውሻ የወሰደው በልጅነቱ ከነበረው ስፓይክ ከሚባል ጥቁርና ነጭ ውሻ ነው፤ የካርቱኑ ልጅ አባት ፀጉር አስተካካይ የሆነውም የሹልዝ አባት ፀጉር አስተካካይ ስለነበር ነው። ልጆቹ የሚናገሩት ግን አዋቂ ሰው ሌሊት ተኝቶ የሚያስበውን ነው። የሚታየው ከልጅነቱ፣ የሚሰማው ከአዋቂነቱ መሆኑ ነው።

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ስጡት። በገጹ ላይ ሁልጊዜ የሚፈልገውን አንድ ነገር ጻፉ። በእኔ ካርቱን አባትየው መከበር ይፈልጋል፤ እናትየዋ አሥር ደቂቃ ብቻዋን መሆን ትፈልጋለች፤ ታላቋ ልጅ ፍትሕ ትፈልጋለች፤ ትንሹ መርዳት ይፈልጋል። አራቱን አንድ ክፍል ውስጥ ስታስገቧቸው ያለ እናንተ ይጣላሉ። ሐሳብ ሲነጥፍብኝ የማደርገው ይህንኑ ነው፦ ሁለቱን መርጬ አንድ ወንበር አስቀምጥላቸዋለሁ።

መልካቸውን ስትነድፉ እያንዳንዳቸውን በጥቁር ቀለም ሙሉ በሙሉ ሙሏቸውና ከጥላቸው ብቻ መለየት ይቻል እንደሆነ እዩ። ቁመት፣ የፀጉር ቅርጽ፣ የሆድ መጠን ይበቃል። የሰው ቁመት በጭንቅላቱ ቁመት ሲለካ አዋቂ ሰባት ተኩል ያህል፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ደግሞ አራት ያህል ነው። በካርቱን ይህን ሁሉ ታሳጥሩታላችሁ፤ በአዋቂና በሕፃን መካከል ያለውን ልዩነት ግን አትርሱ። ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ «ሕፃን» ድንክ ሰው ይመስላል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ልጆቹ ያድጋሉ ወይስ በአንድ ዕድሜ ይቆማሉ? የጆንስተን ገጸ ባሕርያት ከዓመታቱ ጋር አብረው አደጉ፤ የሹልዝ ልጆች ከ1950 እስከ 2000 ልጅ እንደሆኑ ዘለቁ። ማሳደግ አዲስ ነገር በየዓመቱ ያመጣላችኋል፤ ማቆም ደግሞ የቆየ ማስታወሻችሁ ሁሉ መቼም እንዲያገለግል ያደርጋል። እኔ ማቆምን መርጫለሁ። ልጆቼ ሲያድጉ ካርቱኑ ከእነሱ እየራቀ መሄዱ ለእነሱ ሰላም ነው፤ ለምን እንደሆነ ተራ ቁጥር 6 ላይ እነግራችኋለሁ።

4. ገጠመኙን በአራት ሳጥን ክፈሉት

አሁን ወደ ቁልፉ እንመለስ። ሳጥን የምለው እያንዳንዷን ሥዕል የሚከበውን ክፈፍ ነው። መጀመሪያ እንዲህ ሳልኩት። በሳጥን አንድ አባት ይፈልጋል፤ በሁለት እናትም ትፈልጋለች፤ በሦስት ሁሉም ይፈልጋሉ፤ በአራት ልጁ «እንዳይጠፋ ደብቄዋለሁ» ይላል። አይከፋም፣ ግን ይደክማል። ሦስቱ ሳጥኖች አንድ ነገር ነው የሚናገሩት፣ የልጁም ቃል ከሰማይ የወረደ ይመስላል። አንባቢው ልጁ ለምን ደበቀው ብሎ ሲያስብ ሳቁ ያመልጠዋል።

በሁለተኛው ሙከራ ምክንያቱን ወደ ፊት አመጣሁት። ሳጥን አንድ፦ ማታ ነው፤ አባት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ እየወረወረ «ይህ ቁልፍ በየቀኑ ይጠፋል!» ይላል፤ ልጁ ከጠረጴዛው በታች ቀና ብሎ ያየዋል። ሳጥን ሁለት፦ ቃል የለም። አባት ሄዷል፣ ልጁና ቁልፉ ብቻቸውን ይተያያሉ። ሳጥን ሦስት፦ ጠዋት፤ ሶፋው ተገልብጧል፣ መሳቢያው መሬት ላይ ነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተንበርክኳል፣ ልጁም አብሮ ተንበርክኳል። ሳጥን አራት፦ ልጁ የአባቱን ትከሻ መታ መታ እያደረገ፦ «አባዬ አይዞህ፤ እንዳይጠፋ ደብቄዋለሁ።»

እዚህ ላይ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ዝምታ ያለበት ሳጥን ሁለት ከሌለ ነገሩ ይፈርሳል። ልጁ ሲያስብ የምናየው እዚያ ብቻ ነው፤ አንባቢውም የሚተነፍሰው እዚያ ነው። ለማስታወሻችሁ ይህን ዝም ያለ ሳጥን ሁልጊዜ ፈልጉለት፤ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው በፊት ወይም ከመጀመሪያው ቀጥሎ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ የልጁ ፊት። ተንኮለኛ ፈገግታ ከሳልኩለት ሌላ ታሪክ ይሆናል፤ ሌባ የተያዘበት ታሪክ። የሳልኩለት ኩራት ነው። ፍላጎቱ መርዳት ነው፣ ረድቷልም። ሦስተኛ፣ የዓረፍተ ነገሩ አሰካክ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣልና ይህ ለካርቱን ሠሪ ትልቅ ስጦታ ነው። «እንዳይጠፋ» ሲል ልጁ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይመስላል፤ «ደብቄዋለሁ» ሲመጣ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። «የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይጠፋ ብዬ» ብለው ቢያስቀምጡት ሚስጥሩ ቀድሞ ይወጣና የቀረው ማብራሪያ ይሆናል። የመጨረሻዋን አረፋ (ንግግሩ የሚጻፍበትን ክብ) ስትጽፉ ነገሩን የምትገለብጠው ቃል ከነጥቡ አጠገብ መቀመጧን አረጋግጡ።

አንድ ጓደኛዬ አምስተኛ ጨምር አለኝ፦ አባት «የት?» ይላል፣ ልጁም «እሱንማ ረሳሁት።» ያስቃል፤ ሞክሬውም ነበር። ተውኩት። ልጁ ረዳት መሆኑ ቀርቶ ሞኝ ሆነ። ተጨማሪ ሳቅ ለማግኘት ገጸ ባሕርይን ማዋረድ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ግን ያን ገጸ ባሕርይ አንባቢ አያከብረውም።

ሥራው ሲያልቅ ንግግሩን ሁሉ በወረቀት ሸፍናችሁ እዩት። ምን እንደተፈጠረ ግማሹ እንኳ ካልገባችሁ ሥዕሉ እየሠራ አይደለም፤ የቆሙ ሰዎች እያወሩ ነው ማለት ነው። ጀርመናዊው ኤሪክ ኦዘር እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1937 በአንድ የበርሊን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ያወጣቸው የአባትና የልጅ ካርቱኖች ገጸ ባሕርያቱ ሳይናገሩ በአካል እንቅስቃሴ ብቻ የሚነበቡ ናቸው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እስከ ዛሬ ይስቅባቸዋል። በወር አንድ ጊዜ ያለ ንግግር አንድ ሥሩ፤ እጃችሁን እንደ እሱ የሚያፍታታ ነገር አላገኘሁም።

5. ከአንዱ ገጠመኝ ብዙ አውጡ

አንድ ገጠመኝ አንድ ካርቱን ብቻ ሰጥቶ ካለቀ ቸኩላችኋል። ቁልፉን ይዘን እንቀጥል። ሚናውን ቀይሩት፦ ማታ አባት የልጁን ተወዳጅ መጫወቻ «እንዳይሰበር» ብሎ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጣል፣ ልጁም ከሥር ቆሞ እያለቀሰ ያየዋል፤ አሁን ረዳቱ አባት፣ ተጎጂው ልጁ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ያየውን ሰው ቀይሩ፦ ታላቋ ሲደብቅ አይታለች፣ ዝም ብላለች፣ ምክንያቱም ማንም አልጠየቃትም፤ ፍትሕ ፈላጊ ናትና «ጠይቃችሁኝ ነበር?» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ሳሉ፦ አባት ዘግይቶ ሥራ ቦታ ሲደርስ ለአለቃው እውነቱን ይነግራል፣ እውነቱም ውሸት ይመስላል። ወይም ነገሩን ወደ ጥግ ግፉት፦ ልጁ መርዳት ለምዷልና መነጽር፣ ስልክ፣ በመጨረሻም አያትን ራሳቸውን እንዳይጠፉ ደብቋቸዋል፤ አያት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ጸጥታው ተመችቷቸው መጽሐፍ እያነበቡ ነው።

እንዲህ አድርጌ ከአንዷ ማስታወሻ አንድ ሳምንት የሚሞላ አወጣለሁ። ሁሉም እኩል አያምሩም፤ የአለቃው ደካማ ነበር፣ የአያት ግን ከዋናው በለጠ።

6. ሳታስፈቅዱ አታውጡ

ይህን ክፍል ከሁሉ አስረዝሜ የምጽፈው ስለከፈልኩበት ነው።

ታላቋ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ ማታ መብራት ሲጠፋ መፍራት እንዳልተዋት ነገረችኝ። የነገረችኝ ለእኔ ብቻ ነው፣ በሹክሹክታ። ቆንጆ ካርቱን ወጣው። ስሟን አልጠቀስኩም፣ ፀጉሯንም ለውጬ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ ግን አባቷ ካርቱን እንደሚሠራ ያውቃሉ፤ ማን እንደሆነች ለማወቅ አንድ ቀን አልፈጀባቸውም። ቤት መጥታ አልጮኸችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ ነገር ልትነግረኝ ስትል መጀመሪያ እጄን ታያለች፤ «ይህን ትጽፈዋለህ?» ትላለች። ያንን ጥያቄ መስማት ለአባት እንዴት እንደሚከብድ መግለጽ አልችልም። እስክትተወው ድረስ ብዙ ወራት ወስዷል።

ካርቱኑን ከማውጣት አነሳሁት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ከዚያ አብረን ሕግ አወጣን፤ እስካሁን በዚህ ነው የምንኖረው። ከቤተሰቡ ሰው ገጠመኝ የተነሳ ነገር ገና በእርሳስ እያለ ለባለ ገጠመኙ ይታያል። «አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ ምክንያት አይጠየቅም፣ አይለመንም፣ አይኮረፍም። በሹክሹክታ የተነገረ ነገር ደብተር ውስጥ እንኳ አይገባም። ሕመም፣ ሰውነት፣ የትምህርት ውጤት፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ የባልና ሚስት ጠብ አይሳልም። ዛሬ «እሺ» ያለ ልጅ ሲያድግ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላልና የቆየውንም ማስነሳት ይችላል። ለመናገር ያልደረሰ ሕፃን «እሺ» ማለት ስለማይችል፣ ሕፃኑ አድጎ ቢያየው ያፍርበት ይሆን የሚለውን የምንመልሰው እኛ ነን፤ ስንጠራጠር እንተወዋለን።

ጠብ የነበረበት ገጠመኝ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ወር ደብተር ውስጥ ይቆይ። ቁጣው ሳይበርድ የተሳለ ካርቱን ተበቃይ ነው፤ አንባቢም ይሸተዋል። ሦስት ወር ቆይታችሁ ስታነቡት የራሳችሁንም ጥፋት ታዩበታላችሁ፣ ያኔ ሁለቱም ወገን እውነት ይኖረዋል። ራሳችሁን የሚወክለው ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ አሸናፊ እየሆነ ከመጣም ደብተራችሁን እንደገና ክፈቱ፤ የሆነ ነገር እየዘለላችሁ ነው።

አሜሪካዊው ሃንክ ኬቻም እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1951 የጀመረው ዝነኛ ካርቱን የአራት ዓመት ልጁን ስም በቀጥታ የወሰደ ነበር። የካርቱኑ ልጅ ሁልጊዜ ትንሽ ልጅ ሆኖ ቀረ፤ እውነተኛው ልጅ ግን ያንን ስም ይዞ አደገ፣ አባትና ልጅም ውሎ አድሮ ተራራቁ። የመራራቃቸውን ምክንያት ስሙ ላይ አላላክክም፤ የቤተሰብ ነገር ከዚያ የሰፋ ነው። ልጄን ስሙን ሳልነካበት ማሳደግ እንደምችል ግን አውቃለሁ፣ ስለዚህ የልጆቼ ስም በካርቱኔ ውስጥ የለም።

የሚገርመው፣ ሕጉ ከወጣ ወዲህ ሐሳብ አልቀነሰብኝም። ልጆቹ ራሳቸው «ይህን ሳለው» እያሉ ማምጣት ጀመሩ። አንዳንዱን ሲያመጡት ጨርሰውት ነው፤ እስከ መጨረሻዋ አረፋ ድረስ።

7. ሥዕሉና ጽሕፈቱ

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። ከሚታተምበት መጠን በእጥፍ አድርጋችሁ ሳሉ፤ ሲያንስ መስመሩ ይጠራል። ረቂቁን በቀላል ሰማያዊ እርሳስ ብትሠሩት በኋላ በጥቁርና ነጭ ስካን ስታደርጉ ይጠፋላችኋል፤ ላጲስ ማሸት ይቀራል። ቀለሙ ውኃ የማያስለቅቀው ይሁን። ስካኑ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያርፉ ነጥቦች ብዛት) ከሆነ ለኅትመትም ይበቃል። በታብሌት ለሚሠራም አካሄዱ ያው ነው።

ጽሕፈቱ ግን ትኩረት ይፈልጋል። በፊደላችን «ቡ»ን ከ«ቢ»፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ካርቱኑ በስልክ መጠን ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ ፊደላችሁን ከሚመስላችሁ ጎላ አድርጉ፣ ጭረቶቹንም አስረዝሙ። በተግባር የሚበጀው ከሥዕሉ በፊት ንግግሩን መጻፍ ነው። መጀመሪያ በሳጥኑ አናት ላይ ጽፋችሁ አረፋውን ዙሩበት፣ በቀረው ቦታ ሰዎቹን ሳሉ። ገልብጣችሁ ከሠራችሁት ፊደሉ ጥግ ላይ ይጨናነቃል። ቀድሞ የሚናገረውን በስተግራና ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማን የት እንደሚቆም የሚወሰነው በንግግሩ ቅደም ተከተል ነው። አንድ አረፋ ከሦስት መስመር ካለፈ አንድ ሰው ንግግር እያደረገ ነው፤ ቁረጡ።

ከኋላ ያለውን ቤት በየሳጥኑ መሳል አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳጥን በር፣ መስኮት፣ ሶፋ አሳዩ፤ ከዚያ የፊት ገጽታ ብቻ በቂ ነው። ለቁልፉ ካርቱን ግን ሳጥን ሦስት ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተገለባበጠ ቤት ስያለሁ፣ አልቆጨኝምም። ቀልዱ በእነዚያ መሳቢያዎች ላይ ነበር የቆመው።

8. ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ሰው፣ ከዚያ ደግሞ መጋዘን

አንዱ ቤተሰባችሁን የሚያውቅ፣ ሌላው ጨርሶ የማያውቅ ይሁን። ለማያውቀው ስታሳዩ አታብራሩ፣ ፊቱን ብቻ እዩ። ዓይኑ ከአንዱ ሳጥን ወደ ኋላ ከተመለሰ እዚያ ያልገባው ነገር አለ። ቤተሰቡ ስቆ የማያውቀው ሰው ዝም ካለ የቤት ውስጥ ቀልድ ነው፤ ለበዓል ቀን ለቤተሰቡ ስጡት፣ ለአንባቢ አይሆንም።

በመደበኛነት የምታወጡ ከሆነ ሳትጀምሩ አሥራ ሁለት ያህል የተጠናቀቁ ካርቱኖች ይኑሯችሁ። ቤተሰብ ይታመማል፣ ይጓዛል፣ ሳቅ የሌለባቸው ሳምንታት አሉ። በእነዚያ ሳምንታት ቤታችሁን እንደ ሐሳብ ምንጭ ማየት አይገባም፤ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከታችሁ ከሰዎቹ ጋር ሁኑ። የሚወጣውን ከመጋዘኑ ታወጣላችሁ። ከእያንዳንዱ ኦሪጅናል ጀርባ ላይ ገጠመኙ የተፈጠረበትን ቀን፣ ማን እንደተናገረውና ማን እንደፈቀደው በእርሳስ ጻፉ። የእኔ ቁልፍ ካርቱን ጀርባ ላይ ልጄ ራሱ ስሙን ጽፎበታል፤ «ል» ወደ ግራ ዞራለች።